ዳይሬክት ዴቢትሽን ከመሰረዝሽ በፊት ቆጣሪሽን አንብቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ አምና የደረሰብኝ ትዝ አለኝ። እዚህ እንግሊዝ በየወሩ ከባንክሽ በቀጥታ የሚወሰደው የመብራትና የጋዝ ክፍያ፣ ዳይሬክት ዴቢትሽ፣ ከ88 ፓውንድ ወደ 151 ሊገባ ነው። እነሱ ጋ ባለው ሂሳብሽ ላይ ደግሞ 380 ፓውንድ ክሬዲት፣ ማለትም ከተጠቀምሽው በላይ የከፈልሽው ብር፣ ተቀምጧል። የመብራትና የጋዝ ካምፓኒው ጋ ደውለሽ ስትጠይቂ "ሲስተሙ ነው ያወጣው" ብለውሻል፣ አሁን በንዴት ባንክ ገብተሽ ልትሰርዢው ነው። እባክሽ አትሰርዢው። ቢያንስ ዛሬ አትሰርዢው።

መሰረዝ መብትሽ ነው፣ ባንኩም ምንም አይልሽም። ግን ከሰረዝሽ ካምፓኒው ቢል በመጣ ቁጥር ወደሚከፈልበት ታሪፍ ያዞርሻል፣ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይወደዳል። "ባንክሽ ወዲያው ያስመልስልሻል" ያሉሽ ሰዎችም ግማሹን ነው የነገሩሽ። ባንክ የሚመልሰው በስህተት ሲወሰድብሽ ነው፤ ሳያሳውቁ ከጨመሩ ወይም ካሳወቁት በላይ ከወሰዱ። አብዛኛውን ጊዜ 10 የሥራ ቀን አስቀድመው መንገር አለባቸው፣ ላንቺ ደግሞ በኢሜይል ነግረውሻል። ስለዚህ ክርክርሽ ስለ አጠቃቀምሽ ካወጡት ግምት ጋር ነው፣ እሱን ደግሞ ማሸነፍ ይቻላል።

የኔ እንዲህ ነበር። ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ኢሜይል መጣ፣ ከ94 ወደ 168። ሂሳቤ ላይ 412 ፓውንድ ተርፎ እያለ! እኔና ልጄ ብቻ ነን፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ሰው የለም። ደወልኩ፣ 40 ደቂቃ ሙዚቃ ሲያሰሙኝ ቆዩ፣ ከዛ ያችው "ሲስተሙ" የምትል መልስ መጣች። ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ቢሉን አውጥቼ መስመር በመስመር አየሁት። ከንባቡ ቁጥር ጎን ትንሽዬ "E" የምትል የእንግሊዝኛ ፊደል አለች። በግምት የተሞላ ማለት ነው። ለካ ለሰባት ወር ቆጣሪውን ማንም አላነበበውም፣ እኔም ንባብ አልላክኩም። ቆጣሪው ደረጃው ሥር ካለችው ጠባብ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ሻንጣዎቹን ጎትቼ አውጥቼ፣ ተንበርክኬ በስልኬ መብራት አየሁት። ቢሉ 31,840 ይላል፣ ቆጣሪው 31,220። ያልተጠቀምኩትን 620 ኪሎዋት ሰዓት አስከፍለውኛል! በኔ ታሪፍ በ25 ፔንስ ሲባዛ 155 ፓውንድ ነው። በኋላ እንዳስረዱኝ ግምቱን የሠሩት ከእኛ በፊት ቤቱን በተከራዩት ሰዎች አጠቃቀም ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱንም ቆጣሪ ፎቶ አንሺ። ጥቁሮቹን ቁጥሮች ከግራ ወደ ቀኝ ጻፊ፣ ቀዮቹን ተያቸው። ስማርት ሜትር፣ ንባቡን በራሱ የሚልክ ቆጣሪ፣ ቢኖርሽም አትመኚው፣ ንባብ መላክ ያቆመ ብዙ አለ። ንባቡን ላኪና አዲስ ቢል እንዲያወጡልሽ ጠይቂ። አንድ ነገር ግን እወቂ፣ ግምታቸው ከትክክለኛው አንሶ ከተገኘ 380ው ሊቀንስ ወይም ሊጠፋ ይችላል። ቢሆንም ብሩን ተቀብለሽ ከርሞ ዕዳ ከሚመጣብሽ አሁኑኑ ማወቁ ይሻልሻል።

ከዛ ራስሽ አስይው፣ ከባድ አይደለም። እኔ በዓመት 2,100 ኪሎዋት ሰዓት መብራት በ25 ፔንስ 525 ፓውንድ አልኩ። ጋዝ 6,000 በ6 ፔንስ 360። ስታንዲንግ ቻርጁ፣ ተጠቀምሽም አልተጠቀምሽም በየቀኑ የሚከፈለው፣ ለሁለቱም በቀን 85 ፔንስ፣ በዓመት 310 አካባቢ። በድምሩ 1,195፣ ለ12 ሲካፈል 100 ፓውንድ ገደማ። 168ቱ ከየት መጣ? ያንቺን ዋጋ ቢልሽ ላይ ታገኚዋለሽ። ፕራይስ ካፕ፣ ማለትም የዋጋ ጣሪያ፣ እያለ እንዴት ይጨምራል ላልሽው፣ ካፑ የሚገድበው የአንዷን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋና ስታንዲንግ ቻርጁን ነው እንጂ በወር የሚወሰድብሽን ብር አይደለም።

አሁን በጽሑፍ። ስልክ ላይ የተባለ ነገር ነፋስ ይወስደዋል። ኢሜይልሽ ላይ "ኮምፕሌይንት" (ቅሬታ) የሚለውን ቃል በግልጽ አስገቢ፣ ከታች የምነግርሽ 8 ሳምንትም ከዛ ይቆጠራል። ፎቶውንና ስሌትሽን አያይዢ። ሦስት ነገር ጠይቂ፦ 151 እንዴት እንደተሰላ ያስረዱሽ፣ በአዲሱ ንባብ ያስተካክሉት፣ ትርፉን ይመልሱ። ይሄ ልመና አይደለም። የመብራትና የጋዝ ካምፓኒዎችን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ኦፍጌም በሚሰጣቸው ፈቃድ ላይ ዳይሬክት ዴቢቱን ባላቸው ምርጥና የቅርብ መረጃ ላይ ተመሥርተው እንዲያወጡት፣ አሠራሩን በግልጽ እንዲያስረዱና ክሬዲት ስትጠይቂ እንዲመልሱ ግዴታ አለባቸው፤ አንመልስም ካሉ ምክንያታቸው አግባብ መሆን አለበት።

"አግባብ" የሚሏት ላይ ወቅቱ ትልቅ ነገር ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ያለ ክሬዲት ለብርዱ ወራት የተጠራቀመ ነው፣ እኔ ብሆን ያኔ ሁሉንም አልጠይቅም። ብርዱ አልፎ ሚያዝያ ላይ የተረፈ ብር ግን በቃ ትርፍ ነው፣ የልጆችሽ አስቤዛ ነው፣ እነሱ ጋ ምን ይሠራል?

8 ሳምንት ሞልቶ ካልፈቱት፣ ወይም ከዛ በፊት የመጨረሻ መልሳችን ይሄ ነው ብለው ከጻፉልሽ፣ ወደ ኢነርጂ ኦምቡድስማን፣ ገለልተኛ ቅሬታ ሰሚ፣ ሂጂ። ነፃ ነው፣ ውሳኔውን አንቺ ከተቀበልሽው ካምፓኒው የግዱን ይፈጽማል። በመሃል ግራ ከገባሽ ነፃ ምክር የሚሰጠው ሲቲዝንስ አድቫይስ ጋ ደውዪ። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ ኢንተርፕሬተር (አስተርጓሚ) ጠይቂያቸው። አንዲት እናት ጎረቤቴ ጋ እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነው ያነጋገርኩላቸው፣ እሳቸው በስልክ ፈቃድ ሰጥተው ማለት ነው። ካምፓኒ ከቀየርሽም የመጨረሻው ቢል በ6 ሳምንት ውስጥ፣ የተረፈው ብር ደግሞ ከዛ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ሊመጣልሽ ይገባል።

የኔ እዛ ድረስ አልሄደም። በሦስተኛው ሳምንት አዲስ ቢል ወጣ፣ 412ቱ 567 ሆነ፣ ከ9 ቀን በኋላ ባንኬ ገባ። ወርሃዊው 102 ላይ ቆመ።

ንባብሽንና የቢልሽን ዋጋዎች እዚሁ ጻፊልኝ፣ ማታ ከሥራ ስወጣ አብረን እናሰላዋለን። የአካውንት ቁጥርሽን ግን እንዳትለጥፊ።