«ለፌቭር» ማለት ቀጥቃጭ ነው

ልጆቼ፣ በትርጉም ሥራ ላይ ላላችሁ የምጽፈው ስለ አንድ ስም ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ የአንድ ፈረንሳዊ የውሃ መሐንዲስን ስም ውል ላይ «ለፌብቭር» ብዬ ጻፍኩ። አንድም ፊደል ስላልጣልኩ በጣም የታመንኩ መስሎኝ ነበር። ጸሐፊዋ ጮክ ብላ ስታነበው ሰውየው ፈገግ አለና ««ቤ» የምትባለዋ ፊደል አትነበብም፤ ለፌቭር ነው» አለኝ።

ታዲያ ለምን ተጻፈች? ብዬ ጠየቅኩት። ከዚያ በኋላ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ከረምኩ። በላቲን «ፋቤር» የእጅ ባለሙያ፣ በተለይም ብረት ሠሪ ነው። በሰው አፍ ሲንከባለል «ብ»ው «ቭ» ሆነና የድሮው ፈረንሳይኛ «ፌቭር» አለው። ኋላ ጸሐፍት የላቲን ዘሩን ለማሳየት ብለው «ብ»ን መልሰው ሰኩበት። አንዱ ድምፅ ሁለት ጊዜ ተጻፈ ማለት ነው! በዚያ ላይ ያኔ «ኡ» እና «ቭ» በአንድ ፊደል ይጻፉ ስለነበር አንዳንዱ እንዳየው አነበበና ዛሬ «ለፌቡር» የሚባሉ ቤተሰቦችም አሉ። ስለዚህ ደንብ ብቻ አይበቃችሁም፤ ባለቤቱን ጠይቁ። እኔ አሁንም ስልክ ደውዬ እጠይቃለሁ።

ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ስትወርዱ ያው ስም ፋብር እና ፎር፣ በሳቯ አውራጃ ፋቭር ይሆናል። በምዕራብ ፈረንሳይ ያሉት ብሬቶኖች በራሳቸው ቋንቋ ለ ጎፍ ይሉታል። ቃሉ ከዕለት ንግግር ወጥቶ ቦታውን «ፎርዥሮን» ወስዶታል፤ በወርቅ አንጥረኛው «ኦርፌቭር» ውስጥ ግን ዛሬም አለ። በየመንደሩ ማረሻ የሚሞርድ፣ ፈረስ የሚያጫማ ሰው ስለማይጠፋ ስሙ በዛ። በ1539 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩ ንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ ቄሶች ጥምቀትን እንዲመዘግቡ ሲያዝዝ ደግሞ የአባት ስም ይበልጥ እየጸና ሄደ፤ ልጁ መዶሻ ባይዝም ቀጥቃጭ እንደተባለ ቀረ። የናፖሊዮን ማርሻል ለፌቭር ነበር። እንደ ጥንዚዛ ያሉ ነፍሳትን ያጠናው ተመራማሪም ዣን-አንሪ ፋብር ነው። በ1839 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የመጣው ፈረንሳዊ የባሕር ኃይል መኮንንም ቴኦፊል ለፌቭር ይባላል።

ይህን ሁሉ ሳነብ ልቤ የሄደው ወደ አያቴ ነው። ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። እናቴ «ትምህርት ቤት እንዳታወራ፣ ጠይብ ይሉሃል» ብላ አስጠንቅቃኝ ስለነበር ለማንም አልተናገርኩም። ወናፋቸውን ስነፋላቸው የሚሸተኝ የከሰል ጢስ ግን እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ውሉን አርሜ ስመልስለት ለመሐንዲሱ «አያቴም ለፌቭር ነበሩ» አልኩት። ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።