«ብሮሚሊያድ ክለብ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» ላለችው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ከሜሪላንድ ወደ ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ከመጣሽ ገና ዓመት አልሞላሽም። ከመደብር የገዛሻቸው ብሮሚሊያድ የሚባሉት የጌጥ ተክሎች በረንዳሽ ላይ አሉ። ጎረቤትሽ ደግሞ የአካባቢው ብሮሚሊያድ ክለብ ስብሰባ ልውሰድሽ ብላሻለች። አንቺ ግን «አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው አሉኝ፣ እንግሊዝኛዬም ያን ያህል አይደለም፣ ወጪውስ? ደግሞ ቢምቢ ያመጣል ይላሉ» ብለሽ አመነታሽ። እኔ ታምፓ አካባቢ እንዲህ ያለ ክለብ ውስጥ ከገባሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ። ባጭሩ፣ ግቢ። መጀመሪያ ግን በእንግድነት ሄደሽ እይው።

ክለቡ ለምን እንደሚጠቅም የሚገባሽ የተክሉን ጠባይ ስታውቂ ነው። አናናስ ራሱ ብሮሚሊያድ ነው። ቤተሰቡ ከ3,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ከምትበቅል ከአንዲት ዝርያ በቀር ሁሉም የአሜሪካ አህጉራት ተወላጆች ናቸው። አብዛኞቹ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ብቻ ያብባሉ። ከዚያ እናቲቱ ቀስ እያለች ትደርቃለች፤ ግን ከጎኗ ልጆች ታወጣለች። ልክ እንደ ሙዝ ማለት ነው። ስለዚህ «አበባው አለቀ፣ ደረቀብኝ» ብሎ ተክሉን የሚጥል ሰው ልጆቹንም አብሮ እየጣለ ነው። ደህና አድርጎ የሚያሳድግ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ትርፍ ተክል አለው። ክለቡ የቆመው በዚህ ትርፍ ላይ ነው።

ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ በወር አንዴ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም የአትክልት ማዕከል ውስጥ። አንድ ሰው ፎቶ እያሳየ ያስተምራል። ቡናና ጣፋጭ ይቀርባል። ግድግዳ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ አባላት ያመጧቸው ተክሎች ይደረደራሉ፤ ባለቤቱ ተነስቶ «ይህችን ምሥራቅ በኩል ነው የማስቀምጣት፣ ማዳበሪያ አልሰጣትም» እያለ ያስረዳል። መጨረሻ ላይ ቶምቦላ አለ። በትንሽ ብር ትኬት ትገዢና ዕጣ ከወጣልሽ ተክል ይዘሽ ትሄጃለሽ። እኔ የምወደው ያንን ጠረጴዛ ነው። እንግዳው ተናጋሪ ስለ ብራዚል ጫካ ያወራል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው ግን የሚያወራው አንቺ ሰፈር ስለወረደው ውርጭ ነው።

ለኦርላንዶ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከመደብር የምትገዢው ብዙውን ጊዜ ጉዝማኒያ ነው፤ መሐሉ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ኮከብ የሚመስለው። ጉዝማኒያ ጥላ ይወዳል፣ ብርድ አይችልም። ኒዮሬጀሊያ የሚባለው ሌላው ዓይነት ግን ውበቱ ቅጠሉ ላይ ነው፤ ብርሃን ካላገኘ ቀለሙ ይጠፋል፣ ማዳበሪያ ካበዛሽበትም አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። የትኛው ዓይነት የጃንዋሪን ሌሊት ደጅ ያድራል? የትኛው ለብርዱ አንሶላ መሸፈን ይፈልጋል? የትኛው ወደ ቤት ይግባ? እሱን ከጠርሙስ ወይም ከከረጢት ላይ አታነቢውም። እዚያው ከተማ ሃያ ክረምት ያሳለፉት እነዚያ ጡረተኞች ናቸው የሚያውቁት። ዕድሜያቸው ያስፈራሽ እንደሆነ፣ ክለቡን ክለብ ያደረገው እሱ ነው።

ልጅ መለየትን ደግሞ በዓይንሽ ካላየሽ በቪዲዮ አይገባሽም። እኔን ያሳየችኝ አንዲት አሮጊት አባል ናት። ልጂቱ የእናቷን ሲሶ ወይም ግማሽ እስክታክል ትጠብቂያለሽ። ከዚያ የታች ቅጠሎችን ገለጥ አድርገሽ ልጂቱ ከእናቷ ጋር የተያያዘችበትን አንገት በጣትሽ ትፈልጊያለሽ። የመግረዣውን መቀስ ወደ እናቲቱ ግንድ አስጠግተሽ ትቆርጪያለሽ። ወደ ልጂቱ ካስጠጋሽው ሥር የምታወጣበትን ክፍል ታበላሺዋለሽ። ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ ታስቀምጫታለሽ። የጥድ ቅርፊትና ፐርላይት የሚባለው ቀላል ነጭ ጠጠር ላይ፣ ጥልቅ ሳታደርጊ ትተክያታለሽ፤ ጥልቅ ከሆነ ይበሰብሳል። ከዚያ በእንጨት ደግፈሽ ታስሪያታለሽ፤ የምትወዛወዝ ልጅ ሥር አትሰድም። ስታስሪ ግን የመዳብ ሽቦ አትጠቀሚ፤ መዳብ ለብሮሚሊያድ መርዝ ነው። ይህን ሁሉ አሮጊቷ እያወራች ስትሠራ እጇን ነበር የማየው።

ስም መያዝንም እዚያ ትማሪያለሽ። በሰው እጅ የተዳቀሉት በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፣ ብዙዎቹም ይመሳሰላሉ። ስሙ አንዴ ከጠፋ መልሶ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። ለዚህ ነው አባላቱ እያንዳንዱ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ፕላስቲክ የሚሰኩት። በእርሳስ ጻፊው። የማርከር ቀለም በፍሎሪዳ ፀሐይ ይለቃል፤ እርሳስ ግን ይቆያል።

የኦርላንዶ ሰው መሆንሽ ደግሞ ደስ ይላል። ዓለም አቀፉ የብሮሚሊያድ ማኅበር በ1950 ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ማልፎርድ ፎስተር የኦርላንዶ ሰው ነበር። ከባለቤቱ ከራሲን ጋር ብራዚል ድረስ እየሄዱ ያመጧቸው ተክሎች ፍሎሪዳን በብሮሚሊያድ ሞልተዋታል። ዛሬም በከተማሽ ብሮሚሊያድ ሶሳይቲ ኦፍ ሴንትራል ፍሎሪዳ የሚባል ክለብ አለ። ሳራሶታ፣ ታምፓ ቤይ፣ ፎርት ማየርስ፣ ማያሚም አሉ።

ስለ እንግሊዝኛው አትጨነቂ። ተክል ይዞ የሚጠይቅ ሰው ቋንቋ አያንሰውም፤ ስሞቹም ላቲን ስለሆኑ ለሁሉም እኩል ከባድ ናቸው። ምግብ ይዞ መምጣት በተራ ነው፤ እኔ አንዴ ድፎ ዳቦ ወስጄ እስካሁን «ያ ዳቦ መቼ ይመጣል?» ይሉኛል። ወጪው የሚያስጨንቅ አይደለም፤ የዓመት መዋጮው ትንሽ ነው። ብር የሚበላው ጨረታ ነው። አዲስ የተዳቀለ ብርቅ ተክል ሲቀርብ አዳራሹ ይሟሟቃል። በመጀመሪያው ዓመት ጨረታ ላይ እጅሽን አታንሺ። ይልቅ ዓመታዊው ትርኢትና ሽያጭ ሲደርስ በጎ ፈቃደኛ ሁኚ። ጠረጴዛ ስታስተካክዪ፣ ቅጠል ስታጸጂ ውለሽ የምትማሪው ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

ወደ ቢምቢው ልምጣ። ሥጋቱ እውነት ነው። ቅጠሎቹ መሐል ላይ ውኃ ይይዛሉ፣ እዚያ ውስጥ ይፈለፈላል። በ2016 በቢምቢ የሚተላለፈው የዚካ ቫይረስ ማያሚ ሲገባ የማያሚ ቢች ከተማ ከእጽዋት መናፈሻው ብሮሚሊያዶችን አስነቅሏል። መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም። በሙቀት ጊዜ በሳምንት አንድ ሁለቴ በጎማ ውኃ ጠንከር አድርገሽ መሐላቸውን እጠቢ፤ አሮጌው ውኃ ተገፍቶ ይወጣል። ቢቲአይ የሚባል እንክብልም አለ፤ የቢምቢውን እጭ ይገድላል፣ ተክሉን አይጎዳም። ጎረቤትሽ ቅሬታ እንዳያነሳ ይህን አዘውትሪ።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ ማለፍ አልችልም። ፍሎሪዳ የራሷ ብሮሚሊያዶች አሏት። ከኦክ ዛፍ ላይ የሚንጠለጠለው ግራጫ ስፓኒሽ ሞስ አንዱ ነው። ከዚሁ ከስፓኒሽ ሞስ ወገን የሆኑት ትልልቆቹ የዱር ቲላንድሲያዎች ግን እየጠፉ ነው። ከሜክሲኮ ከገቡ ተክሎች ጋር የመጣ ጥንዚዛ በ1989 ደቡብ ፍሎሪዳ ውስጥ ተገኘ። የጥንዚዛው እጭ የተክሉን ግንድ ከውስጥ ይበላዋል፤ መሐሉ በስብሶ ተክሉ ከዛፉ ይወድቃል። ክፉኛ የተጎዳችው ቲላንድሲያ ዩትሪኩላታ ናት። እሷ እዚህ ብዙውን ጊዜ ልጅ አታወጣም፤ የምትራባው በዘር ብቻ ነው። ለማበብ ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ ትፈልጋለች። ጥንዚዛው ሳታብብ ከደረሰባት ምንም ሳትተካ ትሄዳለች። በክለቦች በኩል ዘር ሰብስበው የሚያሳድጉ፣ ጥንዚዛውን የሚከታተሉ ሰዎች አሉ። እኔን ክለቡ ውስጥ ያቆየኝ ከምንም በላይ ይህ ሥራ ነው። በመናፈሻ ውስጥ ዛፍ ላይ ያየሻትን ተክል ግን እንዳትነቅዪ፤ ሕግም ይከለክላል።

ስትሄጂ ከመደብር የገዛሻቸውን ፎቶ አንሥተሽ ሂጂ፤ ምን እንደሆኑ ይነግሩሻል። «ለጀማሪ ጠንካራው የትኛው ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ምናልባት ባዶ እጅሽን አትመለሺም። የምታመጪውን አዲስ ተክል ጥቂት ሳምንት ከሌሎቹ ለይተሽ አቆዪው፤ የቅጠሉን ጀርባና ሥሩን ፈትሺ፣ ነጭ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ነገር ተጣብቆ ካየሽ በጨርቅ ጥረጊው። የማታውቂው ነገር ከገጠመሽ ፎቶውን እዚሁ ለጥፊልኝ። ወደ ታምፓ ከመጣሽ ደግሞ ቀድመሽ ንገሪኝ፤ ፋየርቦል የምትባለው ቀይ ኒዮሬጀሊያ ዘንድሮ ብዙ ልጅ አውጥታልኛለች፣ የተወሰኑትን ከነስማቸው ላንቺ አስቀምጥልሻለሁ።