1000 ሲሲ ቪትዝ ገዛሁ ከምን ልጀምር ላልከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ። ጥያቄህን ትናንት ማታ ነው ያየሁት፣ በሁለት መስመር መመለስ ስላልፈለግኩ ነው ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፍልህ። እ.ኤ.አ. 2002 ሞዴል ቶዮታ ቪትዝ፣ 1000 ሲሲ ማንዋል ገዛሁ፣ ባለ 17 ኢንች ቸርኬ ልጭንላት፣ ሞላውን ላስቆርጥ፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫውን ድምጽ ማፈኛ) ልቀይር፣ ነጭ መብራት ላስገባ ነው፣ ከየቱ ልጀምር፣ ሞተሩንስ ወደ 1500 ባስቀይር ያዋጣል ወይ ነው ያልከው። እኔ እዚሁ ባህር ዳር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ያችኑ መኪና ነው የምይዘው፣ ቀለሟ ብቻ ነው ካንተ የሚለየው። ከጠቀስካቸው አምስት ነገሮች ሶስቱን ሰርቻቸው ሶስቱንም መልሼ አውጥቻቸዋለሁ፣ ስለዚ የምነግርህ በቪዲዮ ያየሁትን ሳይሆን በገንዘቤ የተማርኩትን ነው።

ከፍሬን ጀምር። አውቃለሁ ፍሬን ፎቶ ላይ አይታይም፣ ጓደኛም መጥቶ ዋው አይልህም። ግን ስማኝ።

እኔ በገዛሁ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለኝን ሁሉ ቸርኬና ቴፕ ላይ ጨረስኩ። ፍሬኗ አይጮህም፣ ይይዛል፣ በቃ ደህና ነው ብዬ ነበር። ከዛ በ2011 ከአዲስ አበባ ስመለስ አራት ሰው ከነሻንጣው ጭኜ ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል አባይ በረሃን ስወርድ በአራተኛ ማርሽ ነው የለቀቅኳት፣ በየኩርባው ፍሬን፣ ፍሬን፣ ፍሬን። ድልድዩ ከታች መታየት ከጀመረ በኋላ አንዱ ኩርባ ላይ ስረግጥ ፔዳሉ ምንም ሳይገፋኝ እስከ ወለሉ ወረደ። ደግሜ ረገጥኩ፣ ትንሽ ያዘ፣ እንደገና ወረደ። ሶስተኛ ከዛ ሁለተኛ እያስገባሁ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ እየሳብኩ ዳር አወጣኋት። ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል፣ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። እዛው ቆሞ ጎማ ያቀዘቅዝ የነበረ የከባድ መኪና ሹፌር መጣና "ልጄ፣ በምትወጣበት ማርሽ ነው የሚወረደው" አለኝ፣ ሌላ ምንም አላለም፣ ውሃ ሰጥቶን ሄደ።

ቤት ስደርስ ግቢ ውስጥ የጎረቤት ክሪክ ተውሼ የኋላውን ታንቡር በመዶሻ ዙሪያውን እየመታሁ አወጣሁት። ሸራውን ከምትገፋው ትንሿ ሲሊንደር የፍሬን ዘይት ሾልኮ ሸራው ላይ ወርዷል፣ ከአቧራው ጋር ተቦክቶ ጥቁር ጭቃ ሆኗል፣ በጣቴ ስነካው እንደ ግራሶ ይዘረጋል። ማለትም የኋላ ፍሬን የሚባል ነገር አልነበረኝም፣ መኪናዋን ያን ሁሉ ቁልቁለት ያወረዳት የፊቱ ብቻ ነው። የፍሬን ዘይቱ ደግሞ እንደ ጀበና ቡና ጠቁሯል። ይሄ ነገር ለምን እንደሆነ ያወቅኩት ከዛ በኋላ ነው፣ የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል፣ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን 140 ዲግሪ አካባቢም ሊፈላ ይችላል፣ ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም፣ ለዛ ነው ፔዳሉ ወለል የሚነካው። ዶት 4 ብታስገባ አዲሱ ከ230፣ እርጥበት የሳበው ከ155 ይጀምራል፣ የዋጋ ልዩነቱ ከአንድ ቸርኬ ጋር ሲወዳደር ምንም ነው። በየሁለት አመቱ አስቀይር። የፊት ሸራ፣ ዲስኩ ከሳሳ ዲስክ፣ የኋላ ሲሊንደሮች ከነጎሚኒያቸው፣ የጎማ ቧንቧዎቹ ከተሰነጣጠቁ እነሱም። እዚህ ከተማ ደግሞ ማታ ያለ መብራት ስንት ብስክሌት ከፊትህ እንደሚወጣ አንተም ታውቃለህ፣ አባይ በረሃ ባትወርድም ፍሬን ያስፈልግሃል።

አሁን ወደ ጉልበት ልምጣ፣ ምክንያቱም ማርሚታና ሞተር ያልከው ጉልበት ፈልገህ ነው። ያንተ ሞተር 1ኤስዜድ ነው፣ 997 ሲሲ፣ በወረቀት 70 የፈረስ ጉልበት አለው። ይሄ ቁጥር ግን ባህር ጠለል አካባቢ የሚሰራ ነው፣ ባህር ዳር 1800 ሜትር ላይ ናት፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ አስር ፐርሰንት ገደማ ያጣል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። ስለዚ አንተ እጅ ላይ ያለው አዲስ ሆኖ እንኳን 57፣ 58 ቢሆን ነው። ከሃያ አመት በላይ የሰራ ሞተር ላይ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። የምልህ ምንድነው፣ ማርሚታ ቀይረህ የምታገኘው ድምጽ ነው፣ ጉልበት አይደለም፣ በዚህ መጠን ሞተር ላይ ብትለካው እንኳን ልዩነቱን መቀመጫህ አያውቀውም። የጠፋውን መመለስ ግን ይታወቃል።

እኔ ያደረግኩት ይሄን ነው፣ አራቱንም ካንዴላ አወጣሁ፣ ሶስቱ ቡኒ አንዱ ጥቁርና እርጥብ ነበር፣ የሱን ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ከጎኑ ካለው ጋር አቀያይሬ ስሞክር ችግሩ አብሮ ዞረ፣ ኮይሉ ነው ማለት ነው። አንድ ኮይል፣ አራት ካንዴላ፣ የአየር ፊልትሮ ቀየርኩ፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋውን ትሮትል ቦዲ ፈትቼ በማጽጃና በጥርስ ብሩሽ አጸዳሁት፣ ቢላዋው ጠርዝ ላይ የነበረው ጥላሸት የጥፍር ውፍረት ነበረው። በቃ ይሄው ነው። በፊት ቤዛዊት ዳገትን ሶስት ሰው ይዤ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ነበር የምትወጣው፣ አሁን በሁለተኛ ትወጣለች። ጎንደር ደርሶ መልስ ሞልቼ ሞልቼ ስለካው በሊትር 13 ኪሎ ሜትር የነበረው 16 ገባ። ክፍት የሆነውን ቀይ ፊልትሮ የሚሸጡልህን ደግሞ አትግዛ፣ ከሞተሩ ጎን ያለውን ትኩስ አየር ነው የሚስበው፣ የጢስ አባይን መንገድ አቧራ ደግሞ አስበው።

ቸርኬ። 17 ላይ 205/40 ጎማ ጭኜ ስድስት ወር ነዳሁ። ያምራል፣ አልዋሽህም፣ ዘንባባው ስር አቁመህ ስታያት ሌላ መኪና ናት። ግን ሂሳቡን እይ፣ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ነው፣ ፋብሪካው 155/80 ባለ 13 ነው የሰጣት፣ ከቸርኬው እስከ አስፋልቱ 124 ሚሊ ሜትር ጎማ አለ ማለት ነው፣ 205/40 ላይ 82 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚቀርህ፣ ጉድጓዱን የሚውጠው እሱ ነበር። በሐሙሲት መንገድ አንድ የተቆረጠ አስፋልት ላይ ቸርኬው ተጣመመ፣ ጎማው ጎኑ ላይ እንደ እንቁላል አበጠ። ክብደቱም አለ፣ ያቺ ሞተር ከባድ ጎማ ለማዞር ነው ግማሽ ጉልበቷን የምትጨርሰው። አሁን ባለ 14 ቸርኬ ላይ 175/65 ነው ያለኝ፣ ቁመቱ ከፋብሪካው ጋር አንድ ፐርሰንት እንኳን ስለማይለያይ ፍጥነት መቁጠሪያው አይዋሽም፣ ስፋቱ ኩርባ ላይ በደንብ ይይዛል። ውበት ከፈለግክ እስከ 15 በ185/55 ሂድ፣ ከዛ አትለፍ። ስትገዛ አራት ብሎን በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ መሆኑን ብቻ ሳይሆን መሃሉን ቀዳዳ አስለካ፣ ያንተ መኪና 54.1 ሚሊ ሜትር ነው፣ ቸርኬው ከሰፋ መሃል የሚያስይዘውን ቀለበት ጠይቅ፣ አለበለዚያ 80 ላይ መሪው ይንቀጠቀጥና ባላንስ ስታሰራ ትከርማለህ።

ሞላ አታስቆርጥ፣ በናትህ። እኔ የፊቱን አንድ ዙር ተኩል በግራይንደር አስቆረጥኩ። ሞላው ሲያጥር ሾኩ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያልቅበታል፣ በየብሬከሩ ብረት ለብረት ይጋጫል፣ ሁለት ወር ሳይሞላው ሁለቱም ሾክ ዘይት ተፉ። የኋላው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፣ ቪትዝ ከኋላ ሞላውና ሾኩ ለየብቻ ናቸው፣ ተቆርጦ ያጠረ ሞላ ጎማው ተንጠልጥሎ ሲወርድ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። መኪናህ ኩርባ ላይ ተንሳፈፈች ካልክ አራት ጥሩ ሾክ፣ የብራቾ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ጎሚኒዎች፣ ቦል ጆይንት ቀይርና አላይመንት አሰራ። ያኔ ነው አዲስ መኪና የያዝክ የሚመስልህ፣ እኔ መሸንቲ ድረስ ደርሼ ስመለስ ብቻዬን እየሳቅኩ ነበር።

መብራት ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። መኪናህ ከጃፓን መጥታ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ ከሆነች፣ የፊት መብራቷ የተሰራው በግራ ለሚነዳ አገር ነው። አጭር መብራቱ በግራ በኩል ከፍ ይላል፣ እዛ የእግረኛ መንገዱን እንዲያሳይ ነው፣ እኛ ጋር ግን ግራ ማለት ፊት ለፊትህ የሚመጣው ሰው አይን ነው። ማታ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቀህ አቁምና አጭሩን አብራው፣ ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚወጣ በአይንህ ታየዋለህ። ወደ ግራ ከወጣ በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሰራውን የያሪስ (ቪትዝ አውሮፓ ውስጥ የምትጠራበት ስም ነው) መብራት ፈልግ፣ ያ ነው ትክክለኛው። በዚህ ሁሉ ላይ ዜኖን የሚባለውን ነጭ መብራት ስትጨምርበት ደግሞ ለተራ አምፖል በተሰራ መስታወት ውስጥ ብርሃኑ ይበተናል፣ እኔ ካወጣሁት በኋላ ነው አንድ የባጃጅ ሹፌር "ሁልጊዜ ስትመጣ ዳር ይዤ እቆም ነበር" ያለኝ፣ እሱን ስሰማ ከልቤ ነው ያዘንኩት። የመብራቱ ፕላስቲክ ቢጫ ከሆነ በ1000 ከዛ በ2000 ቁጥር ካርታቬትራ በውሃ አሽተህ ፖሊሽ አድርገው፣ ላዩ ላይ ከጸሃይ የሚከላከል ክሊር ካላስቀባህ ግን በጥቂት ወር ይመለሳል።

መሪዋ የተቀየረ ከሆነ ሌላም ነገር፣ ምንም ነገር ሳትገዛ የመሪ ሳጥኑን፣ የመሪውን ዘንግ መገጣጠሚያዎችና ብየዳ ካለ ብየዳውን ጥሩ መካኒክ ከስር ገብቶ ይይልህ። እኔ ይሄን ያሳየኝ ሰውዬ ፖሊ አካባቢ የሚሰራ አዛውንት ነው፣ ቸርኬዬን አይቶ ዝም አለና በባትሪ ስር ገባ፣ ሲወጣ አንድ ዳዶ በጣቱ ፈትቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

ሞተር ወደ 1500 ስለመቀየር አጭር መልስ፣ ላንተ አያዋጣም። 1500ው 1ኤንዜድ ነው፣ ካንተው ጋር አንድ ቤተሰብ አይደለም፣ ካምቢዮው፣ የሞተር መያዣው፣ ሽቦውና ኮምፒውተሩ አብሮ መምጣት አለበት፣ ሊብሬ ላይ ደግሞ የሞተር ቁጥር ስላለ ያንን ሳታስተካክል ቦሎ ላይ ትቸገራለህ። 1300 ቪትዝ ቢሆን ኖሮ የሱ 2ኤንዜድ ከ1500ው ጋር ወንድማማች ስለሆነ ሌላ ወሬ ነበር።

ደግሞ የምታወጣውን ኦሪጅናል ዕቃ እንዳትሸጥ። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ቆሟል፣ ሶማሌ ተራ የሚገኘው ያገለገለ ዕቃም እየተመረጠ ነው የሚገዛው፣ ኦሪጅናል ቸርኬህንና መብራትህን ጠቅልለህ አልጋ ስር አስቀምጣቸው። ይቺ መኪና እኮ ተራ አይደለችም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ስትወጣ ጃፓን የአመቱ መኪና ብላ ሸልማታለች፣ በ2000 ደግሞ ያሪስ በሚለው ስሟ አውሮፓ፣ ቅርጿን የሳላት ሶቲሪስ ኮቮስ የሚባል ግሪካዊ ነው። ስትጠበቅ ታምራለች፣ ሳትቆረጥ።

አሁን አንድ ነገር አድርግልኝ፣ ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ኮፋኖውን ክፈትና የፍሬን ዘይቱን ቋት ክዳን አንስተህ ውስጡን በስልክህ ባትሪ እያበራህ ፎቶ አንሳና እዚሁ ስር ለጥፈው። ጥቁር ከሆነ ቅዳሜ ከሰአት ና፣ ክሪክና ኪያቬ እኔ ጋር አለ፣ አንተ ዘይቱን ብቻ ገዝተህ ና፣ አንዱ ፔዳል ይረግጣል አንዱ አየሩን ያወጣል፣ አብረን እንሰራዋለን።