አንጓ ከመቁረጣችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ቲሹ ካልቸር ላቦራቶሪ (ከተክል ትንሽ ቁራጭ በብልቃጥ ውስጥ ችግኝ የሚባዛበት) ገብታችሁ ቀርከሃ ለምታባዙ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የእናት ተክሉን ታሪክ ሳትጠይቁ አንጓ አትቁረጡ።

በወጣትነቴ መንገድ ዳር የቆመ አንድ እግር ሽመል፣ የቆላ ቀርከሃ፣ ዐይኔን ሳበው። ማንንም ሳልጠይቅ ከጎን ቅርንጫፎቹ ቆርጬ ገባሁ፤ በበረኪና አጥቤ ሚዲያ (ቁራጩ በብልቃጥ ውስጥ የሚመገበው ንጥረ ምግብ) ላይ አስቀመጥኩት። ቀርከሃ እዚህ ላይ ያስቸግራል፤ ባክቴሪያው ግንዱ ውስጥ ስለሚደበቅ በረኪናው አይደርስበትም። ንጹሕ መስሎ የሰነበተ ብልቃጥ ከሳምንታት በኋላ በአንጓው ግርጌ ወተት የመሰለ ነገር ያወጣል። የተረፈውን ለወራት አባዛሁ። አንድ ጠዋት ግን ከቡቃያው ጫፍ በቅጠል ፈንታ የገብስ እሸት የመሰለ ነገር ተደራርቦ፣ ቀጫጭን ክሮች ተንጠልጥለውበት አየሁ። አበባ ነበር። ደስ አለን። ደስታችን ግን አልቆየም፤ ቡቃያው ማደጉን ተወ፣ ሥርም አላወጣ አለ። ተመልሼ ስጠይቅ አንድ አባት «ከጎኑ የነበሩት እኮ አምና አብበው ደረቁ» አሉኝ።

ቀርከሃ ዕድሜውን ይቆጥራል። የጃፓኑ ማዳኬ 120 ዓመት ገደማ ቆይቶ ያብባል፤ በሕንድ ሚዞራም የሚበቅለው ደግሞ በ48 ዓመት ገደማ። ብዙዎቹ ዝርያዎች ካበቡ በኋላ ዘር ጥለው ይደርቃሉ። ከአንጓም ሆነ ከሪዞም፣ ከመሬት በታች ከሚሄደው ግንዱ፣ የተወሰደ ችግኝ የእናቱን ዕድሜ ይዞ ነው የሚሄደው። ገበሬው ለልጅ ልጅ ብሎ የተከለው በሁለት ዓመቱ አብቦ ቢደርቅበት ምን ትሉታላችሁ?

አበባው ግን ጠላት አይደለም። በ1990 እ.ኤ.አ. በሕንድ ፑኔ የብሔራዊ ኬሚካል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ከዘር የበቀሉ ሕፃን ቡቃያዎችን ሳይቶካይኒን የሚባል የዕፅዋት የዕድገት ሆርሞንና የኮኮናት ውሃ ባለበት ሚዲያ ላይ አሳድገው በብልቃጥ ውስጥ አሳበቧቸው፤ ዘርም ያዙ። ለአዳቃይ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዕድሜ ልኩን ሊጠብቅ ይችል የነበረውን አበባ ጠረጴዛው ላይ አገኘው። እናንተም ለማዳቀል ከሆነ ሞክሩት። ለገበሬ የሚሄደውን ችግኝ ግን ከአዲስ ዘር ከበቀለ እናት ጀምሩ፤ ቆጠራው ገና ነውና።

ዘር ካላገኛችሁ ደብተራችሁ ላይ ከሚዲያው ዓይነት በፊት ይህ ይግባ፦ እናቲቱ የት ቆማለች፣ በዘር ነው በሪዞም የተተከለችው፣ ጎረቤቶቿ መቼ አበቡ? ሰፈሩ ውስጥ ቡና የሚያፈሉ እናቶችን ጭምር ጠይቁ፤ ሽመል ያበበበትን ዘመን «እገሌ የተወለደ ዓመት» ብለው ይነግሯችኋል። የልጁን ዕድሜ ጠይቃችሁ ጻፉት።