በረንዳ አዳሪውን ልጅ ሆስፒታል ባደርስ ሂሳቡ እኔ ላይ ይመጣል?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አካባቢ ሻይ ቡና እሸጣለሁ። በረንዳ የሚያድር የ15 ዓመት ልጅ አለ። የአባቱ ዱላ ሲበዛበት ከገጠር ጠፍቶ የመጣ ነው። በቀደም ሌሊት ሆዱን ይዞ ሲጮህ በባጃጅ ድንገተኛ ክፍል አደረስኩት። ዘበኛው «ወላጅ አምጪ፣ መታወቂያ አምጪ፣ ብር አስይዢ» አለኝ። ለምኜ አስገባሁት። አንድ ወረቀትም ፈረምኩ። ሂሳቡን ከእኔ ይጠይቃሉ? አባቱስ ይጠራበታል?

መልስ፦ የዘበኛ ቃል ሕግ አይደለም። ድንገተኛ ሕክምና በገንዘብ ምክንያት እንደማይከለከል የጤና ሕጉ ይናገራል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 575 ደግሞ ከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ የተወን ይቀጣል። በሙያው የመርዳት ግዴታ ያለበት ሲሆን ይብሳል። ሌላ ጊዜ በር ላይ አይከራከሩ። «ነርስ ትየው» ይበሉ። ነፍስ አድን ሕክምና የወላጅ ፊርማ አይጠብቅም። በቀጠሮ ለሚሠራ ኦፕራሲዮን ግን አሳዳሪ፣ ማለትም በሕግ የልጁ ኃላፊ የሆነ ሰው፣ ሊጠየቅ ይችላል።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። «አስታማሚ» በሚለው ቦታ ከፈረሙ፣ ልጁን ያመጣሁት እኔ ነኝ ከማለት አያልፍም። ዋስ ለመሆን ሕጉ ጠበቅ ይላል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 መሠረት ዋስትና በግምት አይወሰድም፣ በግልጽ መነገር አለበት። ዋሱ የሚጠየቅበት የመጨረሻው የገንዘብ ልክ ካልተጻፈም ዋጋ የለውም። ስለዚህ የብር መጠን የሌለበት የዋስትና ወረቀት ብዙም አያስጨንቅዎ። «ሂሳቡን ራሴ እከፍላለሁ» የሚል ቃል ካለበት ግን የራስሽ ዕዳ ነው ብለው ሊከራከሩዎት ይችላሉ። ቅጂውን ጠይቀው ያንብቡት።

ለክፍያው የሆስፒታሉን ሶሻል ወርከር ያነጋግሩ፤ ከማህበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቁ። በጤና መድን የድሃ ደሃ መዋጮን የሚሸፍነው መንግሥት ነው። ችግሩ ምዝገባው ከቀበሌ ይጀምራል፣ በረንዳ ደግሞ የቤት ቁጥር የለውም። እንዲህ ያሉ ልጆች በቀን ጤና ጣቢያ ሳይሄዱ ቆይተው፣ ሲብስባቸው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ቢገኙ ምን ይገርማል?

አባቱን በተመለከተ፣ የታካሚን ምስጢር ያወጣ ሐኪም ወይም ነርስ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ይጠየቃል። ልጁ ግን 18 ዓመት አልሞላውም፤ በሕግ አሳዳሪው ወላጁ ነው። አይጠራም ብዬ ላረጋግጥልዎ አልችልም። ድብደባው ከተነገረ ግን መልኩ ይለወጣል። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 576 በእጁ ያለን ልጅ የሚያሰቃይን ይቀጣል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 የሕፃኑ ደህንነት በቅድሚያ ይታሰብ ይላል። ገላው ላይ የዱላ ምልክት ካለ ሐኪሙ ካርዱ ላይ እንዲጽፈው አሁኑኑ ይጠይቁ። ሰንበሩ ከጠፋ በኋላ ፖሊስ ጣቢያ ቢሄዱ በእጅዎ የሚቀረው ማስረጃ እሱ ነው።