ጥያቄና መልስ፦ በመኪና ውስጥ ለሚጫን ፍሪጅ የሚሆን መስመር

መላሽ፦ የምሠራው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው፤ ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። የዛሬው ርዕስ በመኪና የሚጫን ባለ ኮምፕሬሰር ፍሪጅ የሚሰካበት መስመር ብቻ ነው። የበረዶ ሳጥንና የቤት ፍሪጅ አይመለከተኝም። የምትጠይቁ ሁሉ የመኪናውን ዓይነት፣ የገመዱን ርዝመትና ውፍረት፣ በቴስተር የለካችሁትን ቮልት ጻፉ። ከሁሉም በፊት ግን ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን። ይህን ማታውን ሁሉ ስለምደጋግመው ከወዲሁ ልመዱት።

ባለ ዶልፊን፣ ለገጣፎ፦ ጋሼ፣ እንደምን አመሹ። መካኒክ ከዳሽቦርዱ የሲጋራ መለኮሻ ላይ ገመድ ቀጥሎ እስከ ኋላ ወሰደልኝ። ስንጓዝ ፍሪጁ በደንብ ያቀዘቅዛል። ሞተር ስናጠፋ ግን ይነሣል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሣል። መካኒኩ ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዛ ይላል።

መላሽ፦ የተቃጠለ ኮምፕሬሰር እየተጓዝክም አያቀዘቅዝም። ፍሪጅህ ደኅና ነው፤ የተራበው በገመዱ ምክንያት ነው። ይህን አንዴ በደንብ ላስረዳ፤ ወደ እኔ ከሚመጡት «የተበላሹ» ፍሪጆች አብዛኞቹ የሚመጡት በዚሁ ነውና።

እነዚህ ፍሪጆች ኮምፕሬሰሩ ሲሠራ በ12 ቮልት ከ4 እስከ 5 አምፔር ያህል ይስባሉ። ከዶልፊን ባትሪ እስከ ኋላ ገመዱ 6 ሜትር ነው እንበል፤ ጅረቱ ሄዶ ስለሚመለስ 12 ሜትር ቁጠሩ። መካኒኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚዘረጉት የሬዲዮ ሽቦ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። በ5 አምፔር 1.4 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው 14 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ ፍሪጁ ጋ 12.6 ይደርሳል፤ ችግር የለም። ሞተሩ ሲጠፋ ባትሪው 12.4 ላይ ይቆማል፤ ከዚያ 1.4 ቀንስ፣ 11 ቮልት ቀረ። ፍሪጁ ውስጥ ያለው የባትሪ መከላከያ «ባትሪው ሊያልቅ ነው» ብሎ ያጠፋዋል። ሲያጠፋው ጅረቱ ይቆማል፤ ጅረት በሌለበት ደግሞ በገመዱ ላይ የሚጠፋ ቮልት የለም፤ ስለዚህ ፍሪጁ ጋ ያለው ቮልት ተመልሶ 12.4 ይሆናል። ፍሪጁ ደስ ብሎት ይነሣል። ሲነሣ ይወድቃል። አንተ የምታየው ይህንን ነው።

ያንኑ ርቀት በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ብትዘረጋው የሚጠፋው 0.4 ቮልት ገደማ ነው፤ በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ከ0.2 በታች ይወርዳል። እኔ የምዘረጋው 6 ነው። ብዙ ነው የሚለኝ አለ፤ ይበል።

ሌላው ጉድ ራሱ የሲጋራ መለኮሻው ነው። መሰኪያው የሚነካካው በትንሽ ስፕሪንግ ጫፍ ነው፤ ኮረኮንች ላይ ይላቀቃል፣ ሲላቀቅ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ለስልክ ይበቃል። ለፍሪጅ ከባትሪው የሚነሣ የራሱ መስመር፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ አንደርሰን ወይም ሌላ ጠበቅ ብሎ የሚይዝ ሶኬት ይሁን። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ፣ ቢበዛ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ።

ባለ ቪትዝ፣ ገላን፦ ፊውዝ ፍሪጁ ራሱ አለው አይደል? ለምን ሁለተኛ?

መላሽ፦ የፍሪጁ ፊውዝ ፍሪጁን ይጠብቃል። የባትሪው ፊውዝ ገመዱን ይጠብቃል። ገመዱ ወንበር ሥር ተልጦ ሻንሲውን ቢነካ፣ የፍሪጁ ፊውዝ ከብልሽቱ ወዲያ ማዶ ስለሆነ ምንም አያውቅም። ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል፣ ገመዱ ይግላል፣ ምንጣፉ ይቀጣጠላል። ለፍሪጅ መስመር 15 አምፔር በቂ ነው። በተቃጠለ ፊውዝ ፈንታ ሽቦ የሚጠመጥም ሰው እኔን አይጠይቀኝ።

ጠያቂ፣ ሰንዳፋ፦ ፍሪጄ አይሠራም። ምን ይሻላል?

መላሽ፦ መኪናው ምንድን ነው? ገመዱስ? ስንት ቮልት ለካህ? ከላይ ምን ጻፍኩ?

የእርባታ ባለሙያ፣ ዱከም፦ ቢሾፍቱ የሚመረተውን የዶሮ ክትባት ለአርቢዎች አደርሳለሁ። በሃይሉክስ ፍሪጅ ጭኜ መውሰድ እችላለሁ ወይ?

መላሽ፦ እህቴ፣ ስለ መስመሩ የነገርኩት ለእርስዎም ይሠራል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፤ መሞቅ ብቻ ሳይሆን በረዶ መሥራቱም ያበላሸዋል። በፍሪጁ ላይ የሚታየው ቁጥር ሴንሰሩ ያለበትን ቦታ ብቻ ይናገራል፤ ስለዚህ ሌላ ቴርሞሜትር ከጠርሙሶቹ መሐል ያስቀምጡ። የቀረውን ክትባቱን የሰጠዎትን ባለሙያ ይጠይቁ፤ የእኔ ሙያ አይደለም።

ወጣት፣ ሱሉልታ፦ ጠዋት የታለበ 20 ሊትር ወተት በ40 ሊትር ፍሪጅ አቀዝቅዤ አዲስ አበባ ላስገባ አስቤ ነበር።

መላሽ፦ አይሆንም። ይህ ፍሪጅ የቀዘቀዘውን ይጠብቃል እንጂ 37 ዲግሪ ያለውን 20 ሊትር በአንዴ አያወርድም፤ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፣ ወተቱም እስከዚያ አይጠብቅህም። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ አውርደው።

ባለ ካዋያ፣ ሰበታ፦ ተርሚናሉን በሊድ መበየድ ይሻላል ወይስ መጭመቅ?

ጎረቤቱ፣ ቡራዩ፦ በሊድ ነው እንጂ! የተጨመቀ ይላቀቃል። አባቴ የበየደው የቮልስዋገን ሽቦ እስከ ዛሬ አለ።

ባለ ካዋያ፣ ሰበታ፦ ቮልስዋገኗ ቆማ ይሆናላ የኖረችው።

ጎረቤቱ፣ ቡራዩ፦ ከአምቦ አዲስ አበባ ስትመላለስ የኖረች መኪና ናት። ለማታውቀው ነገር አፍህን አትክፈት።

መላሽ፦ ሁለታችሁም ተረጋጉ። ሊድ ሲቀልጥ በሽቦው ክሮች መሐል ሽቅብ ይሳባል፤ የደረሰበት ድረስ ገመዱ ድርቅ ይላል። መኪና ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ገመዱ የሚበጠሰው ደረቁና ለስላሳው በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ከላስቲኩ ሥር ስለሆነም አይታይም። ስለዚህ በትክክለኛው መጭመቂያ መጨመቅን እመርጣለሁ። የበየደ ሰው ገመዱን ከብየዳው ጥቂት ራቅ ብሎ ጠበቅ አድርጎ ይሰረው፤ እንዳይወዛወዝ። በተራ ፒንሳ የተጨመቀና በናስትሮ የተጠቀለለ ግን ከሁለቱም የከፋ ነው።

ከቤት ሥራ የተረፈ ሽቦም ተዉ። የቤቱ አንድ ወጥ ዘንግ ነው፤ ግድግዳ ውስጥ ዝም ብሎ ይኖራል፣ መኪና ላይ ይሰበራል። ብዙ ክሮች ያሉት ለስላሳ ገመድ ግዙ። ገመዱን ስትገዙ ጫፉን በምላጭ ፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። የአሉሚኒየም ተቃውሞ ከመዳብ በ60 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ 6 ነው ብሎ የሸጠላችሁ 4 የማይሞላ መዳብ ያህል ነው የሚሠራው። ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ።

አሽከርካሪ፣ ቃሊቲ፦ አይሱዙ ነው የምነዳው፣ 24 ቮልት። ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት ብወስድስ?

መላሽ፦ በፍጹም። አንዱ ባትሪ ሁልጊዜ ይጎድላል፣ ዲናሞው ደግሞ ሁለቱን እኩል ናቸው ብሎ ነው የሚሞላቸው። ያልተነካው ከመጠን በላይ ይሞላል፣ የተነካው ሳይሞላ ያረጃል። የፍሪጁን ጀርባ አንብብ፤ አብዛኞቹ 12/24 ይላሉ። እንዲያ ከሆነ በቀጥታ 24 ስጠው። ጅረቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ገመዱም ይቀለዋል። እናንተ የጭነት መኪና ሰዎች ዕድለኞች ናችሁ።

ተጓዥ፣ ለቡ፦ ከባቱ ቆሮሶ ዓሣ ለማምጣት ነው የምፈልገው። ሐሙስ ሄጄ ዓርብ እመለሳለሁ።

ሌላ አባል፣ ዓለም ገና፦ ዓርብ ዓሣ? ጾም አይደለም እንዴ?

ተጓዥ፣ ለቡ፦ ዓሣ በጾም ይበላል።

ሌላ አባል፣ ዓለም ገና፦ ማን ነው የፈቀደልህ? የንስሐ አባትህን ጠይቅ።

ባለ ቪትዝ፣ ገላን፦ እኛ ቤት በዐቢይ ጾም አይበላም፣ በሌላው ይበላል።

መላሽ፦ ይህን ለቤተ ክርስቲያን ተዉ። ለዓሣው የምመክረው ፍሪጁን ቤት ውስጥ ከግድግዳ ሶኬት ላይ አሳድሮ አቀዝቅዞ መነሣት ነው። ባቱ ከእኛ ሞቅ ስለሚል ኮምፕሬሰሩ በተደጋጋሚ ይነሣል።

ባለ ኮሮላ፣ ሰሚት፦ ሞተር አጥፍቼ ባድር ጠዋት መኪናው ይነሣል?

መላሽ፦ እንደ ባትሪህ ነው። በእኛ አካባቢ ቅዝቃዜ ፍሪጁ እያረፈ ስለሚሠራ በአማካይ ከ1.5 እስከ 2 አምፔር ይወስዳል ብለህ ያዝ። 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ ቢኖርህ፣ የማስነሻ ባትሪ ከግማሽ በታች መውረድ ስለሌለበት 30 ነው የምትጠቀመው። ባትሪው አዲስ ከሆነ አንድ ሌሊት ያልፋል። አዋሽ ሜዳ ላይ ግን ይህን ስሌት እርሳው። የፍሪጁን የባትሪ መከላከያ ከፍተኛው ላይ አድርገው፤ እሱ ግን በትክክል የሚሠራው ገመዱ ወፍራም ሲሆን ነው፣ አለበለዚያ የለገጣፎው ወንድማችን ያየውን ታያለህ። ከአንድ ሌሊት በላይ የምትቆይ ከሆነ ሁለተኛ ባትሪ አስገባ፤ በመሐሉ ሞተር ሲጠፋ የሚለያቸው ሪሌ ይኑር። ሁለተኛው ሊቲየም ከሆነ ሪሌ ሳይሆን ለእሱ የተሠራ ቻርጀር ያስፈልጋል። ፊውዝ በሁለቱም ባትሪዎች አጠገብ፤ ምክንያቱም ገመዱ ከሁለቱም ጫፍ ሊቃጠል ይችላል።

ባለ ኤሌክትሪክ መኪና፣ አያት፦ ከ2016 ወዲህ የሚገባው የቤት መኪና ኤሌክትሪክ ብቻ ስለሆነ የእኔም እንደዚያ ነው። ትልቅ ባትሪ ስላለኝ ለፍሪጅ አልጨነቅም አይደል?

መላሽ፦ ትጨነቃለህ። ፍሪጁ የሚሰካው በትልቁ ላይ ሳይሆን በትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ላይ ነው። እሷን ትልቁ የሚሞላት መኪናው ሲበራ ነው፤ ቆሞ ሳለ ራሱ ነቅቶ የሚሞላ አለ፣ የማይሞላም አለ። እሷ ከሞተች መኪናው በርም አይከፍት። ብርቱካንማ ቀለም ያለውን ገመድ ማንም እንዳይነካ፤ ይገድላል። የቀረውን የመኪናህን መመሪያ አንብብ።

ባለ ዶልፊን፣ ለገጣፎ፦ ጋሼ፣ አሁን ለካሁት። ባትሪው ላይ 12.5፣ ፍሪጁ ጋ 11.2።

መላሽ፦ የለካኸው ኮምፕሬሰሩ እየሠራ ነው? ቆሞ ሳለ ከለካኸው ምንም አይነግርህም።

ባለ ዶልፊን፣ ለገጣፎ፦ እየሠራ ነው። ልክ ሊጠፋ ሲል።

መላሽ፦ እንግዲያውስ 1.3 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። ገመዱን ቀይር፣ ፍሪጅ አትግዛ። የመመለሻውን ሽቦ ሻንሲ ላይ ከማሰር ለብቻው እስከ ፊት መልሰው። የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ የጅረት መለኪያ ሳጥን ካለ ግን ከራሱ ከባትሪው ሳይሆን ሳጥኑ ሻንሲ ከሚታሰርበት ጫፍ ላይ እሰረው፤ አለበለዚያ መለኪያው ፍሪጁን አይቆጥረውም። ገመዱን በብረት የምታሳልፍበት ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበት አድርግ።

ጠያቂ፣ ሰንዳፋ፦ የእኔ ሃይሉክስ ነው። በኢንቨርተር 220 ብሰካውስ?

መላሽ፦ 12ን ወደ 220 አውጥተህ ፍሪጁ ራሱ መልሶ ሲያወርደው በሁለቱም ትከስራለህ። በቀጥታ 12 ስካው። ቮልቱን አሁንም አልለካህም።

ባለ ቪትዝ፣ ገላን፦ ፊውዙን ፍሪጁ ጋ ባደርገው ለመቀየር ይቀለኛል ብዬ ነበር…

መላሽ፦ ከባትሪው አጠገብ!

አዲስ ገቢ፣ አቃቂ፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ጠቅላላ ዋጋው ስንት ይሆናል?

መላሽ፦ ዋጋ አልናገርም፤ በየሳምንቱ ይለወጣል። ሶማሌ ተራ ሂድና ሦስት ሱቅ ጠይቅ። ምላጭህን ይዘህ ሂድ።