«የረጋው ደም ሳይሟሟ እንዴት ይለቋታል?»

ጥያቄ፦ ዶክተር ሰላም ነው? እማዬ የዳሌ ኦፕራሲዮን በተሰራች በሁለት ሳምንቷ የግራ ባቷ አብጦ ቀላ፣ ሲነኩት ይሞቃል። በአልትራሳውንድ ደም ረግቷል ተባለና ሆዷ ላይ መርፌ ሲወጓት ቆይተው በ3ኛው ቀን ክኒን ይዛ ወጣች። እግሯ ግን አሁንም እንዳበጠ ነው። ተኝታ ትክረም ወይስ ትራመድ? — የጨነቃት ልጅ

መልስ፦ እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል፣ ግን የለቀቋት ሐኪሞች የተሳሳቱ አይመስለኝም። መርፌውም ክኒኑም የረጋውን ደም አያሟሟም (ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው)፣ እንዳይጨምርና ሌላ እንዳይረጋ ነው የሚከላከለው፣ የረጋውን ሰውነቷ ራሱ በሳምንታትና በወራት ቀስ እያለ ያጠፋዋል፣ አንዳንዴም ጠባሳ ትቶ እግሩ ሲከብድና ማታ ማታ ሲያብጥ ይቆያል። ስለዚህ ሆስፒታል መተኛቱ ብቻውን አያፋጥነውም።

ትራመድ፣ ስትቀመጥ እግሯን ከፍ ታድርግ። ክኒኑ ቢያንስ 3 ወር ነው፣ እብጠቱ ጎደለ ብላ እንዳታቆም አደራ! ዋርፋሪን ከሆነ አይኤንአሯ (ደሟ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው የደም ምርመራ ቁጥር) አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት፣ አረንጓዴ ቅጠል ጭራሽ አትብላ የሚሏትን አትስማ፣ የቅጠሉን መጠን አንድ ቀን ብዙ አንድ ቀን ዜሮ አታድርገው እንጂ ትብላ። ለህመም ብላ ግን አይቡፕሮፌን ወይ ዲክሎፌናክ ሳታማክር እንዳትውጥ፣ ያደማታል።

ድንገት ትንፋሽ ካጠራት፣ ደረቷን ከወጋት ወይ ደም ካሳላት ግን የረጋው ሳንባዋ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ምናምን ሳትዪ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።